አሥራ ሦስተኛዋ ሌጦ፦ ከልደታ እስከ ፕሎቭዲቭ

ለመሥሪያ ቤቴ ያስገባሁት የጉዞ ሪፖርት ሁለት ገጽ ነበር። ስንት ደርዘን የበግ ሌጦ እንዳሳየን፣ ከማን ጋር እንደተነጋገርንና ኮንትራት መፈረሙን ዘርዝሬ በአብዮታዊ ሰላምታ ዘጋሁት። ይህ ከዚያ ሪፖርት የተረፈው ነው። ቡልጋሪያን ላላያችሁና ምናልባትም ለማታዩ ሰዎች፣ አንድ የልደታ ሰው ከአገሩ ሲወጣ ስንት ጊዜ ክው እንደሚል ልንገራችሁ ብዬ ጻፍኩት። ከአገር ወጥቼ እስክመለስ ዋናው ሥራዬ መደንገጥ ነበር፤ ከተመለስኩ በኋላ ደግሞ ባሰ።

ስሜ ሽኩር ነው። ሌጦ መዳቢ ነኝ። ሌጦውን ወደ ብርሃን አንሥቼ የቢላዋ ጭረቱን፣ የመዥገር ነቁጡን አይቼ ደረጃ እሰጣለሁ። ሙያውን የተማርኩት ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ከነበረው ከአባቴ መጋዘን ነው። አዋጁ መጥቶ መጋዘኑ ሲወረስ እኔም ከነሙያዬ አብሬ የተወረስኩ ያህል ሆነና የመንግሥት ሌጦ ላኪ ድርጅት ተቀጠርኩ። በዚያ ዓመት ድርጅቱ ፕሎቭዲቭ በሚባል ከተማ በሚደረግ የንግድ ትርኢት ላይ ሌጦ እንዲያሳይ ሲታዘዝ፣ ስለ ሌጦ የሚያስረዳ ሰው ይሂድ ተባለና ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ።

ሰኞ

ያኔ ከአገር የሚወጣ ሰው የመውጫ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ለቪዛው ደግሞ ዋስ። ሰውየው ካልተመለሰ ዋሱ ይጠየቃል። የእኔ ዋስ ጎረቤቴ ጋሼ ተሰማ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። ጠዋት ሊሸኙኝ በሩ ላይ ቆመው፣ «ሽኩር ልጄ፣ አንተ እዚያ ብትቀር እኔ ቀበሌ ደጃፍ የምቀር ሰው ነኝ። ሌላ ምክር የለኝም» አሉኝ። ሚስቴ ሣቀች፤ እሳቸው ግን አልሣቁም።

ናሙናው አሥራ ሁለት እስር የሰላሌ በግ ሌጦ ነበር፤ እያንዳንዱ እስር አንድ ደርዘን። ከመጋዘን መርጬ ያሰርኩት በራሴ እጅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ የጉዞዬ መከራ ሁሉ ከእሱ ነው የመጣው። በየእስሩ አሥራ ሦስተኛ ሌጦ ጨመርኩ። ምርቃት ነዋ! አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «ቆጥሮ ብቻ የሚሰጥ ሰው ነጋዴ ሳይሆን ሚዛን ነው» ይል ነበር። የአገር ስም በሚጠራበት ቦታ ደረቅ ደርዘን ይዤ ልቅረብ? አሳፈረኝ። በሰነዱ ላይ አልጻፍኩትም፤ ለማንም አልነገርኩም። ምርቃት ጽፎ የሚያውቅ ነጋዴ አይቼ አላውቅም።

በሰማያዊና ነጭ ሴይቼንቶ ታክሲ ተጭኜ፣ ልደታ ማርያም ደጃፍ ጧፍ ሻጮቹ ገና ሲዘረጉ አልፈን ቦሌ ደረስኩ። የልዑካኑ መሪ ጓድ ከፈለኝ ቀድመውኝ ቆመዋል። የሚኒስቴሩ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ካኪ ለባሽ፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የማይነቅሉ። ልዑካን ይባል እንጂ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። እጄን ጨብጠው ገና ሳይለቁ ፓስፖርቴን ተቀበሉኝና ኪሳቸው ከተቱት። «እኔ ጋ ይሻላል» አሉ። ለማን እንደሚሻል አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ

አቴንስ ላይ አውሮፕላን ቀይረን፣ ወንበር ላይ ተቀምጠን አድረን፣ ሶፊያ ስንደርስ የተቀበሉን የኤምባሲያችን የንግድ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ወንድ ነበር የጠበቅሁት። አጭር፣ ጠይም፣ ሲጋራ ከእጃቸው የማይለይ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳው የተጠጋ ሴት፣ «የሺ እባላለሁ፤ ሌጦው ደኅና ገባ?» አሉን። እንደምን ዋላችሁ ሳይሉ ሌጦው ደኅና ገባ! የመጀመሪያው ድንጋጤዬ ይኸው ነው። ጓድ ከፈለኝ ፊታቸው ጠቆረ፤ እኔ ግን ወደድኳቸው።

ፕሎቭዲቭ ከሶፊያ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው። መንገዱ ልክ እንደተነጠፈ ሰሌን ቀጥ ያለ ነው፤ ከብት የለ፣ ጥሩንባ የለ፣ የሚሻገር ሰው የለ። የእኛ ሾፌር ቢሆን በሰላሙ ብዛት ይተኛ ነበር። የገጠሩን ቤቶች ሳይ ግን ልቤ ዘለለች፤ በየሰገነቱ ቀይ በርበሬ በክር ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። ሰፈሬ የደረስኩ መስሎኝ፣ «ድልህ ያዘጋጃሉ እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። ጓድ የሺ፣ «አያቃጥልም። አትሞኝ» አሉኝ።

ማረፊያችን ትንሽ ሆቴል ነበረች፤ ምግብ የምታቀርበው ቬስካ የምትባል በዕድሜ እኔን የምታክል ሴት ናት። ማታ አንድ ሳህን ሥጋ አመጣችልኝ። አሳማ መሆኑን ለማጣራት ሥጋውን እያሳየሁ በአፍንጫዬ እንደ አሳማ አጉረመረምኩ። ቬስካ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። አልሐምዱሊላህ ብዬ ጎረስኩ። ሁለተኛውን ልጎርስ ስል ጓድ የሺ ከወዲያኛው ጠረጴዛ፣ «ተው! ተው! እዚህ አገር እንዲህ ሲሉ አዎ ማለታቸው ነው!» ብለው ብድግ አሉ።

ያን ጊዜ የሆንኩትን አልናገርም። ጓሮ ወጥቼ ስመለስ ቬስካ በጓድ የሺ አስተርጓሚነት የሠራችውን ተረድታ ታለቅሳለች። ምንም አይደለም ለማለት እንደ አገራችን ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ አዎ አዎ ብላት፣ ታንቆ ሊሞት ነው ብላ ውኃ ይዛ ሮጠች። ሁለታችንም አንዳችን የሌላችንን አዎ አናውቅም ነበር። ከዚያ ማታ ጀምሮ እስክሄድ ድረስ በየምግብ ሰዓቱ ሳልጠይቃት አራት የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ጎድጓዳ ሳህን እርጎ አቀረበችልኝ። እርጎው የእናቴን ያስታውሳል ብል ጎረቤቶቼ ይቀየሙኝ ይሆናል፤ ግን ያስታውሳል።

ረቡዕ

በትርኢቱ ግቢ ለአገራችን የተሰጠው ቦታ የእኔን ሳሎንና ጓዳ ቢያክል ነው። እዚያች ላይ ሦስት መሥሪያ ቤት ተፋጠጠ። ጓድ ከፈለኝ የመሪዎች ፎቶግራፍና ግድግዳውን ሙሉ የሚይዝ መፈክር አምጥተዋል። ኤምባሲው መሶብና ሽመና አዘጋጅቷል። እኔ ሌጦ አለኝ። አንዱ ሌላው ምን እንደሚያመጣ አስቀድሞ የጻፈለት የለም።

«ሌጦው መፈክሩን ሊሸፍን ነው» አሉ ጓድ ከፈለኝ።

«ገዢ በመፈክር ጫማ አይሠራም፣ ጓድ» አሉ ጓድ የሺ።

እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። እንዲህ ያለ ንግግር አገር ቤት ቢሆን ተናጋሪውም ሰሚውም አብረው ነው የሚጠየቁት። በመጨረሻ መፈክሩ ግድግዳውን ወሰደ፣ ሌጦው ጠረጴዛ ላይ ተነባበረ፣ መሶቡ መሬት ወረደ።

ከጎናችን አንዲት የእስያ አገር ቦታ ይዛ ነበር። ሸሚዙን እስከ ክርኑ የጠቀለለ ላብ በላብ የሆነ ሰው ካርቶን ያወርዳል። ወዛደር መስሎኝ በእጄ ጠራሁትና የእስሩን አንድ ጫፍ አስያዝኩት። ሳያጉረመርም ሦስት እስር ከእኔ ጋር አነሣ። ጓድ የሺ ሲመጡ ደርቀው ቀሩ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡት። «ክቡር አምባሳደሩ ናቸው» አሉኝ በአማርኛ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! እኛ ዘንድ የመምሪያ ኃላፊ እንኳ ቦርሳውን ራሱ አይዝም። እኚህ ግን ገዢዎቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ፣ የፋብሪካው ሰው ሲናገር እሳቸው ሻይ እየቀዱ፣ ከንግድ ሚኒስቴራቸው የመጣው ደግሞ ዋጋውን እየጻፈ፣ ሦስቱ እንደ አንድ ሰው ሲሠሩ ዋሉ። እንዲህም ይቻላል ማለት ነው ብዬ ቆሜ አየሁ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የጉምሩክ ሠራተኛ መጣች። መነጽር ያደረገች፣ የማትቸኩል ሴት ናት። የመጀመሪያውን እስር ፈትታ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ሰነዱን አየች። ሁለተኛውን ፈታች። እኔ ገና ያኔ ነው የገባኝ። አሥራ ሁለቱንም እስር ፈትታ ስትጨርስ በሰነዱ አንድ መቶ አርባ አራት ተብሎ የተጻፈው ሌጦ አንድ መቶ ሃምሳ ስድስት ሆነ።

ጓድ ከፈለኝ ወደ እኔ ዞሩ። «ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ።»

«አሥራ ሁለት ሌጦ ከሰነድ ውጭ ከአገር አወጣህ?»

«ምርቃት ነው፣ ጓድ። በየደርዘኑ አንድ...»

«ምርቃት? የመንግሥት ንብረት ትመርቃለህ? ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው!»

ያንን ቃል ያ ዘመን ያላሳለፈው ሰው አይረዳውም። ከመጋዘናችን አንድ ሰው ለአንድ ጉዳይ ለጥቂት ደቂቃ ትፈለጋለህ ተብሎ ሄዶ ነበር፤ ሚስቱ ስንቅ ማመላለስ ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። ከልጆቼ ፊት የጋሼ ተሰማ ፊት ቀድሞ ታየኝ፤ ሰውየው ዋስ የሆኑት ለሌጦ አልነበረም።

ጓድ ከፈለኝ እዚያው ቆመው በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ቴሌክስ ነው። ስሜ ከነአባቴ ሠፍሮበታል። ለጓድ የሺ ሰጧቸውና፣ «ዛሬውኑ ከኤምባሲው ይላክ» አሉ። እሳቸውም ፈርተዋል። «እኔም ልጆች አሉኝ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ይቅርታ እንደመጠየቅ ሆኖባቸው። ጓድ የሺ ወረቀቱን አነበቡ፣ አጥፈው ቦርሳቸው ከተቱ፣ ወደ ሶፊያ ተነሡ።

ሐሙስ

ከሆቴሉ እንዳትወጣ ተባልኩ። እንቁላሉን ሳልነካ ስመልስ ቬስካ አየችኝ። እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። እሷና እናቷ በርበሬ እየጠበሱ ነበር። በምጣድ ላይ እስኪጠቁር ይጠብሱታል፣ ከዚያ ልጣጩን ልጠው በጠርሙስ ያስቀምጡታል፤ ለበረዶው ወራት ነው። እንደ ሕፃን በርጩማ ላይ አስቀምጣኝ አንድ ሳፋ የተጠበሰ በርበሬ ፊቴ አኖረች። እስከ ቀትር በርበሬ ላጥኩ። ከትኩሳቱ ጣቴ ተቃጠለ፤ ደግ አደረገ፣ ሌላውን ነገር አስረሳኝ። እናትየው በየመሐሉ አንድ አንድ እያጎረሱኝ በቋንቋቸው ያወሩልኛል፤ እኔም በአማርኛ መለስኩላቸው፣ ስለ ልጆቼ ነገርኳቸው። መጉረስ እዚያም አለ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጭሱ ነው እንዳልል ጭሱ ወደ ሌላ በኩል ነበር የሚሄደው።

ጓድ የሺ ከሰዓት በኋላ ተመልሰው በርበሬው መሐል አገኙኝ። አጠገቤ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«እውነቱን ንገረኝ። ማን አዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝም።»

«ለማን ነግረሃል?»

«ለማንም። ምርቃት ይነገራል እንዴ፣ ጓድ የሺ?»

ሣቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። ከዚያ ድንገት አቆሙ። «እናቴ ተክለ ሃይማኖት ቅመም ቸርቻሪ ነበረች» አሉ። «ከኮረሪማው ላይ ጭብጥ ጨምራ ካልሰጠች ደንበኛዋ የተቀየመ ይመስላት ነበር። አንተ ግን የማን ንብረት እንደምትመርቅ ረሳህ።»

«ረሳሁ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ እጄ አሁንም የአባቴ መጋዘን ውስጥ ነበር የሚሠራው።

«ዋስህ ማነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ስንት ልጆች እንዳሉኝም ጠየቁ፤ ሦስት አልኳቸው። «ቴሌክሱስ?» አልኩ።

«ስለ ቴሌክሱ አትጠይቀኝ። ነገ የቆዳ ገዢው ድርጅት ኃላፊ ይመጣል። አራት ዓመት ሙሉ ስለምነው ቆይቼ ነው እሺ ያለኝ። ሸሚዝህን አስተኩስ፤ ስለ ሌጦ ከአንተ በቀር የሚያስረዳ የለንም።»

ዓርብ

የገዢው ድርጅት ኃላፊ ኢንጂነር ፔትኮ ይባላሉ፤ ወፍራም፣ ፂማም፣ ጣታቸው በቆዳ ቀለም የጠቆረ። ሌጦውን ሲዳስሱ ሳይ የእኔ ቢጤ መሆናቸውን ዐወቅሁ። ከሌጦ ጋር የኖረ ሰው በጣት ሳይሆን በመዳፍ ነው የሚዳስሰው። ስለ ሰላሌ ብርድ፣ ብርዱ ቆዳውን እንዴት እንደሚያጠብቀው አስረዳሁ። ጓድ የሺ ያስተረጉማሉ። ጓድ ከፈለኝ እንኳ ፎቶግራፉን ትተው ማዳመጥ ጀመሩ። ዋጋ ተነሣ፣ ወረደ፣ ሊጠጋጋ ሲል ኢንጂነር ፔትኮ የጉምሩኩን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ።

ጓድ የሺ አስተረጎሙ። «በናሙናችሁ አንድ ደርዘን አሥራ ሦስት ሌጦ ነው። ኮንትራት እንደ ናሙናው ነው። ስለዚህ በምትልኩት ጭነት ሁሉ ደርዘኑ አሥራ ሦስት፣ ዋጋው የአሥራ ሁለት ይሁን ይላሉ።»

ጓድ ከፈለኝ ወንበሩን ይዘው ተነሡ፣ መልሰው ተቀመጡ። እኔ የደነገጥኩትን ድንጋጤ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ አይደነግጠውም። እስከዚያ ሰዓት አሥራ ሁለት ሌጦ ነበር ጥፋቴ። አሁን ከሚጫነው ሌጦ ሁሉ በየደርዘኑ አንዷ በእኔ ደግነት በነፃ ልትሄድ ነው። አሻጥር ያሉት ነገር እውነት ሊሆን ነው! ኤምባሲውም ሚኒስቴሩም እኔን አዩኝ።

ምን እንዳስነሣኝ አላውቅም። ተነሥቼ ጠረጴዛው ዘንድ ሄድኩ። «ንገሩልኝ» አልኳቸው ጓድ የሺን። «እኛ ዘንድ ምርቃት የሚሰጠው ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ነው፤ ገዢው ዓይኑ እያየ፣ ሻጩ በፈቃዱ። የዋጋው አካል አይደለም። እኔ ገና ዋጋ ሳይቆረጥ፣ እስር ውስጥ ደብቄ ጨመርኩ። ይህ የእኔ ስህተት ነው፤ አባቴ ቢያይ ያፍርብኝ ነበር። ስለዚህ እመልሰዋለሁ።»

ከየእስሩ አንድ አንድ ሌጦ መዘዝኩ። የሰጡትን ምርቃት በገዢ ፊት መንጠቅ! ተክለ ሃይማኖት ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ ሰፈር ለቅቄ ነበር። አሥራ ሁለተኛዋን መዝዤ ስጨርስ ቀና ብዬ አላየሁም።

ኢንጂነር ፔትኮ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ጓድ የሺ ፈገግ ብለው አስተረጎሙ። «አያቴ ሐብሐብ ሻጭ ነበሩ። ገዢ ከፍሎ ሊሄድ ሲል አንዲት ትንሽ ሐብሐብ ያስታቅፉት ነበር። ከመክፈሉ በፊት የጠየቃቸው ሰው ግን ስድብ ነው የሚያገኘው ይላሉ።» ሰውየው ሣቁ። ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ፤ አዎ ማለታቸው እንደሆነ አሁን ዐውቃለሁ። ደርዘኑ አሥራ ሁለት ሆኖ ዋጋ ተቆረጠ፣ ተፈረመ። መዝዤ ያወጣኋቸውን ሌጦዎች ደግሞ ጓድ የሺ አንድ ነገር በጆሯቸው ሲነግሯቸው፣ ኢንጂነር ፔትኮ ለጥራት ምርመራ ተረክቤያለሁ የሚል ወረቀት ጽፈው ወሰዷቸው።

ጓድ ከፈለኝ አቀፉኝ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ተለወጠ። «ምነው ያንን ቴሌክስ ባልጻፍኩት ኖሮ» አሉ። ጓድ የሺ ሲጋራቸውን እየለኮሱ ወደ መፈክሩ ዞረው ነበር።

ቅዳሜ

ማለዳ ስንወጣ ቬስካ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ጠርሙስ የተጠበሰ በርበሬ አስታቀፈችኝ፤ የላጥኩት ነው። ሶፊያ ደርሰን ጓድ ከፈለኝ ሱቅ ሲሄዱ ጓድ የሺ ቢሯቸው አስገቡኝና መሳቢያ ከፍተው አንድ የታጠፈ ወረቀት አሳዩኝ። የጓድ ከፈለኝ እጅ ጽሕፈት ነው። ስሜ አለበት።

«አልተላከም?»

«ሌላ ነው የላክሁት።» ቅጂውን ሰጡኝ። ለጥራት ምርመራ እንዲውል በኤምባሲው የንግድ ክፍል የቃል ትእዛዝ መሠረት ተጨማሪ አሥራ ሁለት ሌጦ መጥቷል ይላል። ከሥሩ የሳቸው ስም ነው።

እጄ ላይ ወረቀቱ ከበደኝ። «ጓድ የሺ፣ ይህ ነገር ወደ እርስዎ ይዞራል!»

«ያ ቴሌክስ ቢሄድ ኖሮ በማግሥቱ ተጠርታችሁ ነበር፤ ኮንትራቱም እዚያው ይሞታል። እዚህ ከመጣሁ የፈረምነው የመጀመሪያው ነው። እስካሁን ለመፈክር ብቻ ነበር የምቆመው።» ጭሱን ወደ መስኮቱ ለቀቁት። «ከጠየቁህ የሺ ናት ያዘዘችኝ በል።»

«አልልም።»

«ትላለህ፣ ወንድሜ። አንተ የምታድረው ልደታ ነው፤ ስትፈለግ በዚያው ሰዓት ትገኛለህ። እኔን ለማግኘት ደብዳቤ መጻፍ አለባቸው። ደብዳቤ ደግሞ እግሩ ከባድ ነው።» የጓድ ከፈለኝን ወረቀት በሲጋራቸው እሳት ለኩሰው መተርኮሻው ላይ ጣሉት። እኔ የማውቀው ባለሥልጣን ሁሉ ጥፋት ከራሱ ወደ ታች ሲያወርድ ነው። ከታች አንሥቶ ራሱ ላይ የሚጭን ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አመሰግናለሁ ማለት እንኳ ረሳሁ።

እሑድ

አዲስ አበባ ስገባ ክረምቱ ወጥቶ ልደታ በአደይ ቢጫ ሆኗል። ጋሼ ተሰማ በሬ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «በሙሉህ መጣህ?» አሉ። «በሙሉዬ» አልኳቸው። ልጆቼ የቬስካን በርበሬ ቀምሰው አያቃጥልም ብለው ተዉት፤ ብቻዬን በላሁት።

የጉዞው ማስታወሻ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ደስ ባለኝ።

ጓድ ከፈለኝ ራሳቸውን ለመጠበቅ ብለው በሪፖርታቸው ውስጥ አንድ መስመር ጨምረው ነበር፤ ስለ ትርፉ ሌጦ ወዲያውኑ በቴሌክስ አሳውቄአለሁ የምትል። አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ቴሌክስ ፈለገ። ያገኘው ሌላ ነው። ደብዳቤው እግሩ ከባድ ቢሆንም ሄደ፤ በኅዳር ጓድ የሺ ለሥራ ጉዳይ ተብለው ወደ አዲስ አበባ ተጠሩ፣ እኔም በዚያው ሳምንት።

በምርመራ ክፍሉ ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ጓድ የሺ ቀኝ በኩል ወንበር ላይ ናቸው፤ ከስተዋል፣ ሲጋራም አልያዙም። እሳቸው ባሉበት እጠየቃለሁ ብዬ ፈጽሞ አላሰብኩም። ክው አልኩ።

«ተጨማሪውን ሌጦ እንድታመጣ በቃል ያዘዘችህ እሷ ናት?»

ለሁለት ወር ያህል ሳዘጋጅ የኖርኩት መልስ ሌላ ነበር። ራሴ ነኝ፣ ምርቃት ነው ልል ነበር። ጓድ የሺ አላዩኝም፤ ጉልበታቸው ላይ ያጣመሩትን እጃቸውን ነው የሚያዩት። ጋሼ ተሰማን አሰብኩ፣ ሦስቱን ልጆች አሰብኩ፣ ስንቅ የምታመላልሰውን ሴት አሰብኩ።

«አዎ» አልኩ። «እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ።»

«እውነት ነው» አሉ ጓድ የሺ፣ ሳይጠየቁ።

ፈርም ተባልኩ፤ ፈረምኩ። ኮሪደር ላይ ስወጣ እሳቸውንም አወጧቸው፤ ግራና ቀኝ ሁለት ሰዎች አሉ። አጠገቤ ሲደርሱ ቆም አሉ። የሚረግሙኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጭነቱ ወጣ?» አሉኝ።

«ወጥቷል። ባለፈው ሳምንት አሰብ ወርዷል።»

«ጎሽ» አሉ። «ሁለተኛውን ዙር እንዳታዘገዩበት፤ ፔትኮ ትዕግሥት የለውም።»

ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ክንዳቸውን ነካ አደረጋቸው፤ ደረጃውን ወረዱ። የት እንደወሰዷቸው ጠይቄ የነገረኝ የለም። እውነቱን ለመናገር አጥብቄም አልጠየቅሁም። በዚያው ቀን ልደታ ቤቴ ገብቼ፣ ከልጆቼ ጋር ቁጭ ብዬ ምሳዬን በላሁ።